ዘይት የጠጣ አፈርና ዘይት በሊታ ባክቴሪያዎች፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የጋራዥ ባለቤት፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው እናት፣ መምህርና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሲሆኑ፣ ሁሉንም ያሳሰባቸው ጉዳይ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዘይቱን የሚበሉት በምን አቅማቸው ነው? አቅሙ ካላቸውስ ለምን ሳይጨርሱት ይቀራሉ?

ጥያቄ፦ በአጋሮ መውጫ በኩል ጋራዥ አለኝ። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበት፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ርዝመቱ 4 ሜትር የሚሆን መሬት አለ። ዝናብ ሲጥል ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም እየሠራ ወደ ቦይ ይወርዳል። ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁና ከየት ገዝቼ ልርጨው?

መልስ፦ መግዛት አያስፈልግዎትም። ባክቴሪያው ግቢዎ ውስጥ አለ። ዘይት ነክቶት በማያውቅ አፈር ውስጥ እንኳ ዘይት የመሰባበር ጂን ያላቸው ጥቂት ባክቴሪያዎች አይጠፉም፤ ምክንያቱም የቅጠል ሰምና የመሳሰለው የተፈጥሮ ቅባት ከናፍጣ ጋር ተቀራራቢ ሞለኪውል አለው። ዘይት ሲፈስ ሌሎቹ ሲጎዱ እነዚህ ይራባሉ። ስለዚህ ለዓመታት ዘይት የጠጣ የጋራዥ አፈር የሚጎድለው ጂን አይደለም። የሚጎድለው አየር፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የተስተካከለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው።

አየር ለምን እንደሚቀድም ከጂኑ ሥራ መረዳት ይቻላል። አልክቢ የሚባለው ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ከአየር ከመጣው የኦክስጅን ሞለኪውል አንዱን አቶም ወስዶ በዘይቱ የካርቦን ሰንሰለት ጫፍ ላይ ይሰካዋል። በዚህ ሰንሰለቱ አልኮል ይሆናል፤ በሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ወደ አልዲሃይድ፣ ከዚያም ወደ ፋቲ አሲድ ይለወጣል። ፋቲ አሲድ ከሆነ በኋላ ማንኛውም ሴል ስብ በሚያቃጥልበት መንገድ ይቃጠላል። ከባዱ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ እሱም ያለ ኦክስጅን አይሄድም። 1 ኪሎ ዘይት ሙሉ በሙሉ እስኪቃጠል ከ3 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይፈጃል። መኪና ሲመላለስበት የተደፈጠጠ የጅማ ቀይ አፈር ውስጥ ይህን ያህል አየር በራሱ አይገባም።

የእርስዎን መሬት እናስላው። ዘይቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሰርጎ ከሆነ 3 ሜትር ኩብ አፈር አለ፤ ሜትር ኩቡን በ1,200 ኪሎ ብናስበው 3,600 ኪሎ ነው። ከክብደቱ 2 በመቶው ዘይት ቢሆን 72 ኪሎ ዘይት፣ ማለትም 61 ኪሎ ያህል ካርቦን ይኖራል። የተለመደው ስሌት ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው። የሞቱት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ተመልሶ ስለሚሠራ እኛ የምንመክረው ለ100 ካርቦን 5 ናይትሮጅን ነው። በዚህ ሒሳብ በጠቅላላው 3 ኪሎ ከ750 ግራም ያህል ኤንፒኤስ ማዳበሪያና 5 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል። ታዲያ በአንድ ጊዜ እንዳይጨምሩት! በአፈሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ውሃ ጨው ይሆንና ባክቴሪያውን ያደርቀዋል፤ ዩሪያውም አሞኒያ ሆኖ ይመርዘዋል። በ5 ከፍለው በየሦስት ሳምንቱ 1 ኪሎ ዩሪያና 750 ግራም ኤንፒኤስ ይጨምሩ።

ከዚህ በፊት ግን መቅደም ያለባቸው ሥራዎች አሉ። መጀመሪያ አዲስ ዘይት መፍሰሱ ይቁም፤ ከሞተሩ ሥር ሰፊ የብረት ትሪ፣ ከጎኑም ክዳን ያለው በርሜል ይኑር። ቀጥሎ ላይ ላዩን ያለውን፣ በእጅ ሲጨመቅ ዘይት የሚያወጣውን ጥቁር ቅርፊት በአካፋ ገፈው ለብቻው በበርሜል ያስቀምጡ፤ ከ5 በመቶ በላይ ዘይት ያለበትን አፈር ባክቴሪያ አይቋቋመውም። የተረፈውን አፈር ቆፍረው ወፍራም ላስቲክ ላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መደብ ይዘርጉት። ዙሪያውን ቦይ ያውጡ፤ ላዩን በክረምት የሚከደን ሸራ ያዘጋጁ። በጅማ ዝናብ ሳይሸፈን የተተወ መደብ ማዳበሪያውንም ዘይቱንም ይዞ አዌቱ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ በታች ደግሞ የቦዬ ረግረግ አለ።

ከዚያ ኖራ ይመጣል። የአካባቢያችን ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ በ5 እና በ5.5 መካከል ይገኛል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው ግን ከ6 እስከ 8 ነው። ለእርስዎ መሬት ከ4 እስከ 6 ኪሎ የተፈጨ የእርሻ ኖራ ደባልቀው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይጠብቁና ፒኤቹን በወረቀት ይለኩ። ኖራና ዩሪያ በአንድ ቀን መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይተናል፣ ሽታውም ይነግርዎታል። ኖራው ሌላም ጥቅም አለው፤ የቀይ አፈር አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ አሲዱ ሲቀንስ ኤንፒኤሱ ለባክቴሪያው የተሻለ ይደርሰዋል።

አፈሩን ለማላላት ጅማ ላይ የቡና ገለባ ሞልቷል። ከአፈሩ ይዘት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀላቅሉ፤ ግን በደንብ የበሰበሰውን። ጥሬ ገለባ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይሻማል፤ ያለበት ካፌይንና ታኒንም ባክቴሪያውን ያስቸግረዋል። ሰጋቱራም እንዲሁ ናይትሮጅን ስለሚሻማ እንደ ማላሊያ አንመርጠውም።

በየሳምንቱ በአካፋ ያገላብጡት። እርጥበቱን በጭብጥዎ ይፈትኑ፤ ሲጨመቅ ተጣብቆ የሚቀር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። ዘይት የጠጣ አፈር አንዴ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፣ ጠብታው ላዩ ላይ ይንከባለላል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየረጩ ያገላብጡት እንጂ ባልዲ አይድፉበት። ውሃ ከበዛም ኦክስጅኑ ይጠፋና አፈሩ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በኦሞ ወይም በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ ደግሞ ዘይቱን ከአፈር ወደ ወንዝ ማዛወር ብቻ ነው።

ናፍጣ ቢሆን በወራት ውስጥ ለውጡ ይታይ ነበር። የተቃጠለ ሞተር ዘይት ሰንሰለቱ ረጅም፣ ቅርንጫፍና ቀለበት የበዛበት በመሆኑ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የተወሰነው ክፍልም ይቀራል። በዘይቱ ውስጥ ያለው ዚንክና እርሳስ ደግሞ ማዕድን ነውና የትኛውም ጂን አይሰባብረውም። ስለዚህ አፈሩ ሽታው ቢጠፋም ለግቢ መሙያ እንጂ ለጓሮ አትክልት አይሁን።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ። የናፍጣ በርሜሉ አንጠባጥቦ መሬቱ ተበላሸ። አንድ ሰው በጠርሙስ የታሸገ ባክቴሪያ ከሞላሰስ ጋር በውሃ በጥብጬ እንዳፈስ መከረኝ። ይጠቅማል?

መልስ፦ ሞላሰሱን ይተዉት እናታችን። የብዙ ባክቴሪያዎች ዘረመል የሚሠራው በቅደም ተከተል ነው፤ ቀላል ምግብ እያለ ከባዱን የሚበላው ጂን ይዘጋል። ለምሳሌ ፕሱዶሞናስ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ሲአርሲ የሚባል ፕሮቲን ሴሉ የሚመርጠው ምግብ ሲቀርብ የአልክ ጂኖች መልእክት ወደ ኢንዛይም እንዳይለወጥ ያግዳል። ሞላሰስ የሚያፈሉት ደግሞ በአብዛኛው ስኳር የሚወዱትን እንጂ ናፍጣ የሚበሉትን አይደለም፤ እነሱም አፈሩ ውስጥ ያለውን ጥቂት ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይጨርሱታል። ፈሳሹ ስለፈላ ሰው የሠራ ይመስለዋል፤ ናፍጣው ግን እንዳለ ነው።

የጠርሙሱ ባክቴሪያም ቢሆን ባዕድ ነው። የአፈሩን አሲድና ነባሮቹን ባክቴሪያዎች መቋቋም ከብዶት፣ ፕሮቶዞዋም እየበላው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመናመናል። ገንዘብዎን ለኖራና ለዩሪያ ያውሉት፤ አሠራሩ ከላይ ለጋራዡ ባለቤት የተጻፈው ነው።

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ከጋራዥ ቀይ አፈር በቀጥታ ባወጣሁት ዲኤንኤ ላይ የአልክቢ ፒሲአር (ጂንን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ምንም ባንድ (የጂኑ ምልክት የሆነ መስመር) አይሰጠኝም። በናፍጣ ሚዲያ ላይ ካበቀልኳቸው ባክቴሪያዎችም ባንድ የሰጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ስህተቱ የት ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸውና ለየብቻ እንያቸው።

ከአፈሩ እንጀምር። በቅድሚያ በዚያው ዲኤንኤ ላይ 27ኤፍና 1492አር በሚባሉት ፕራይመሮች (ቅጂውን የሚያስጀምሩ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ባክቴሪያ ሁሉ ያለው የመለያ ጂን የሆነውን የ16ኤስ ፒሲአር ይሥሩ። 1,500 ቤዝ ገደማ ላይ ባንድ ካልወጣ ጥፋቱ የአልክቢ ፕራይመር አይደለም፤ ወይ ዲኤንኤው አልወጣም፣ ወይ የፒሲአሩን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አብሮ ወጥቷል። የዲኤንኤ ንጽሕና በሚለካው ናኖድሮፕ የ260/230 ንጽጽሩ ከ1 በታች ከሆነ ከበሰበሰ ተክል የሚመጣውን ሁሚክ አሲድ ይጠርጥሩ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዲኤንኤውን 10 እጥፍና 50 እጥፍ አቅጥነው ይሞክሩ፤ በፒሲአሩ ውስጥም በማይክሮ ሊትር 0.4 ማይክሮ ግራም ቢኤስኤ የሚባለውን ፕሮቲን ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባንድ ሲጠፋ ዲኤንኤ በመጨመር ነው፤ ዲኤንኤ ሲጨመር አጋጁም ይጨመራል።

የዲኤንኤው መጠን ራሱ ከዜሮ ብዙ ካልራቀ ግን ጥፋተኛው ሸክላውና ብረቱ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ካኦሊናይትና የብረት ኦክሳይድ ስለሚበዛበት፣ ሴሉ እንደተሰበረ የዲኤንኤው ፎስፌት እላዩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ለሸክላው ሌላ የሚይዘው ነገር መስጠት ነው፦ ሴል ከመስበርዎ በፊት 120 ሚሊሞላር ሶዲየም ፎስፌት፣ ፒኤች 8፣ ይጠቀሙ፤ ወይም ለ1 ግራም አፈር 40 ሚሊ ግራም ስብ የሌለው የወተት ዱቄት ይጨምሩ። የወተቱ ፕሮቲን የዲኤንኤውን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል። ዱቄቱ የላም ዲኤንኤ ሊኖረው ስለሚችል ያለ አፈር በወተት ብቻ የተሠራ መቆጣጠሪያ አይርሱ። ቀይ አፈር ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ጊዜ የሚቆጥብ ምክር የለንም።

ወደ ባክቴሪያዎቹ እንምጣ። ናፍጣ ላይ አድገው አልክቢ ያልሰጡት የግድ ስህተት አይደሉም። ከ30 በላይ ካርቦን ያላቸውን ረጅም ሰንሰለቶች የሚጀምረው አልማ የሚባል ሌላ ጂን ሊሆን ይችላል፤ አጫጭርና መካከለኞቹን ደግሞ ሲዋይፒ153 የሚባለው የሳይቶክሮም ቤተሰብ ይሠራል። ቀለበታማ የሆነውን ክፍል የሚበሉት ከሆኑ ናህኤሲን ወይም የካቴኮል ዳይኦክሲጂኔዝ ጂንን መፈለግ ነው። አልክቢ ራሱም ከዝርያ ዝርያ በጣም ስለሚለያይ አንድ ጥንድ ፕራይመር ሁሉንም አይዝም። 550 ቤዝ ገደማ የሚሰጠውን ዲጀነሬት ፕራይመር ከያዙ የመጣበቂያውን ሙቀት ከ60 ጀምሮ በየዙሩ ግማሽ ዲግሪ እየቀነሱ እስከ 50 ያውርዱት፤ ባንዱን ደግሞ ሳያስነብቡ አልክቢ ነው አይበሉ።

ባክቴሪያው በእርግጥ ናፍጣውን ይበላል ወይ የሚለውም መጣራት አለበት። አጋር ውስጥ ባለ ቆሻሻ ካርቦን ብቻ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። ናፍጣ የሌለበት ተመሳሳይ ፔትሪ ዲሽ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በሁለቱም ላይ እኩል ካደገ ይጣሉት። ማበልጸጊያው 1 ግራም አፈር ቡሽኔል ሃስ በሚባል ካርቦን የሌለው ሚዲያ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ 1 በመቶ ናፍጣ፣ በ28 ወይም 30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 150 ዙር፣ 7 ቀን ነው፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ወደ አዲስ ሚዲያ፣ ሦስት ጊዜ። ናፍጣውን በ0.2 ማይክሮን የቴፍሎን ፊልተር ያጥሉት እንጂ አውቶክሌቭ አያስገቡት፤ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ እሳትም አለበት። ለማጣራት ዲሲፒአይፒ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ርካሽ ነው፤ ሴሉ ናፍጣውን ሲያቃጥል ቀለሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ይጠፋል። ናፍጣ የሌለበት ቱቦ ግን አብሮ ይቀመጥ፤ የተራበ ሴልም የራሱን ክምችት እያቃጠለ ቀለሙን ሊያጠፋ ይችላል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ባክቴሪያውን በኑትሪየንት ብሮዝ ደጋግመው ካሳደጉት ጂኑን የተሸከመው ፕላዝሚድ (ከክሮሞዞም ተለይቶ የሚኖር የዲኤንኤ ቀለበት) ሊጠፋ ይችላል። ፕላዝሚድ መሸከም ዋጋ አለው፤ ዘይት ከሌለ ያልተሸከመው ቀድሞ ይራባል። ከማበልጸጊያው በቀጥታ ግሊሰሮል ውስጥ አድርገው በ80 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ ለዲኤንኤ ማውጣትም ሴሉን በናፍጣ ላይ ያሳድጉት።

ከአፈር ናፍጣ ላይ ከሚበቅሉት አንዷ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ናት። ቁስልና ዐይን የምታጠቃ፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግራት ናትና፣ ማንነቷ በ16ኤስ ሳይለይ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ፤ መስክ ላይ ለመርጨትም አያስቡት።

በመጨረሻም የጂን መኖር የሥራ ማስረጃ አይደለም። በናፍጣ የተበከለ አፈር ላይ መበላቱን ለማሳየት በጋዝ ክሮማቶግራፍ በናፍጣው ውስጥ ያለውን ሄፕታዴኬን ቅርንጫፍ ካለው ከፕሪስታን ጋር ያነጻጽሩ። ሁለቱ በተመሳሳይ ሙቀት ይተናሉ፤ ቀጥ ያለውን ሄፕታዴኬን ግን ባክቴሪያ ቀድሞ ይበላዋል። ንጽጽሩ ከወረደ ተበልቷል፤ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ተንኖ ወይም ታጥቦ ሄዷል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባክቴሪያ ዘረመሉን ከተከፈለበት ሴል ይወርሳል ብዬ ሳስተምር አንዲት ተማሪ «ታዲያ ቅድመ አያቱ ያልበላውን ዘይት መብላት ከየት አገኘው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት? በክፍል የሚሠራ ሙከራስ አለ?

መልስ፦ ጥያቄዋ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነው። ባክቴሪያ ከወላጁ ብቻ አይወርስም፣ ከጎረቤቱም ይቀበላል። ከዋናው ክሮሞዞም ተለይተው የሚኖሩ ፕላዝሚድ የሚባሉ የዲኤንኤ ቀለበቶች አሉ። ሁለት ሴሎች ሲገናኙ ሰጪው የፕላዝሚዱን ቅጂ ያስተላልፋል፣ ለራሱም ይቀርለታል፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚዋዋሰው እርሾ ማለት ነው። ቶል የሚባለው ፕላዝሚድ 117 ሺህ ያህል ቤዝ ሲኖረው ቶሉይንና ዛይሊን የመሰባበር ጂኖችን ይዟል፤ ናህ7 ናፍታሊንን፣ ኦክት ደግሞ ኦክቴንን። ሌላ ዝርያ ውስጥ ሲገቡም ሊሠሩ ይችላሉ።

ጂኖቹ ሁልጊዜ አይበሩም። በኦክት ፕላዝሚድ ላይ አልክኤስ የሚባል ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አለ፤ አልኬን (የዘይቱ የካርቦን ሰንሰለት) መኖሩን ሲያውቅ ነው ሌሎቹን የሚያስነሳቸው። ሴል የማያስፈልገውን ኢንዛይም እየሠራ ጉልበት አያባክንም። ጭራሽ የማያስፈልግ ሲሆን ደግሞ ይጥለዋል፤ የቶል ፕላዝሚድ ያለው ፕሱዶሞናስ ፑቲዳ ቤንዞኤት በሚባል ሌላ ምግብ ላይ ብቻ ሲያድግ ከፕላዝሚዱ 39 ሺህ ቤዝ ያህል ቆርጦ የጣለ ሴል እየበዛ ይሄዳል። ለተማሪዎችዎ የተፈጥሮ ምርጫን በቀናት ውስጥ የሚያሳይ ምሳሌ ከፈለጉ ይኸው።

ለሙከራው ባክቴሪያ በክፍል ውስጥ አታሳድጉ፤ ምን እንደሚበቅል አይታወቅም። በአፈርና በፌጦ ዘር ይሥሩት። በአራት ጣሳዎች ውስጥ 500 ግራም 500 ግራም የጓሮ አፈር ያድርጉ። በሁለቱ ላይ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሊትር ናፍጣ በውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከእሳት ርቆ ይደባለቅ። ናፍጣ ካለባቸው አንዱን፣ ከሌለባቸውም አንዱን፣ ለእያንዳንዱ በጠቅላላው ግማሽ ግራም ዩሪያና 0.2 ግራም ኤንፒኤስ በሁለት ጊዜ ከፍለው በውሃ አሟሙተው ይመግቡ፤ እነዚህ በየሦስት ቀኑ ይገላበጡ። ሌሎቹ ውሃ ብቻ ያግኙ። ከ6 ሳምንት በኋላ በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ዘር ዝሩ። በ5ኛው ቀን የበቀሉትን ቁጠሩ፣ የሥሮቻቸውን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ። ፌጦ በፍጥነት ስለሚበቅልና ሥሩ ለመርዝ ቶሎ ስለሚደነግጥ ለዚህ ሥራ ዓለም ላይ የታወቀ ዘር ነው። ናፍጣ የሌለባቸው ሁለት ጣሳዎች ለምን እንዳስፈለጉ መጀመሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ፤ ልዩነቱ ከማዳበሪያው ነው ወይስ ከናፍጣው መበላት የሚለው የሚለየው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ በላብራቶሪ ዘረመሉ የተለወጠ ዘይት በሊታ ባክቴሪያ አለ ይባላል። ለምን አናስመጣም?

መልስ፦ አለ፤ ታሪኩም የቆየ ነው። አናንዳ ቻክራባርቲ የተባለው ሳይንቲስት ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ሲሠራ በርካታ ፕላዝሚዶችን አንድ ፕሱዶሞናስ ውስጥ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1972 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ ፈቀደለት። ባክቴሪያው ግን መስክ ላይ ዘይት ለማጽዳት አልዋለም። በአሜሪካ ለብክለት ሥራ ዘረመሉ የተለወጠ ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ መስክ ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ናፍታሊን ሲያገኝ ብርሃን የሚሰጥ ነበር። ዋናው ምክንያት ከላይ ያልነው ነው፤ መስክ ላይ የሚያንሰው ጂን አይደለም። በኢትዮጵያ ደግሞ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 መሠረት ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መልቀቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ናፍጣ ፈሶበት የነበረ ጓሮ ሽታው ከጠፋ ጎመን ልትከልበት?

መልስ፦ ሽታው የሚጠፋው ቀላሉ ክፍል ሲተን ነው፤ ከባዱ ሊቀር ይችላል። የፌጦውን ሙከራ ከጎረቤት ንጹሕ አፈር ጋር አስተያይተው ይሥሩ። እኩል ካልበቀለ ገና ነው። እኩል ቢበቅልም የፈሰሰው የተቃጠለ ዘይት ከነበረ እርሳሱ በላብራቶሪ ሳይለካ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አይትከሉ፤ ቅጠላቸው አቧራውን ይይዛል፣ የሚበላውም ቅጠሉ ነው። እስከዚያው ሣር ይትከሉበት፤ ሥሩ አፈሩን ያላላል፣ በሥሩ ዙሪያም ባክቴሪያ ይበዛል። ሣሩን ግን ለከብት አይስጡ።